የተፈታ ሂውማን ሄር እንዴት ይታጠባል? ለድሬዳዋዋ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ከድሬዳዋ የጻፈችልኝ እህት በገና ዋዜማ ያሰፋችውን ሦስት ጥቅል ሂውማን ሄር (በራስ ፀጉር ላይ የሚሰፋ የሰው ፀጉር) በሁዳዴ እኩሌታ አስፈታችው። ቤቷ ወስዳ በሳፋ ውስጥ በደረቅ የልብስ ሳሙና አሽታ አጠበችው፤ ፀሐይ ላይም አሰጣችው። ሲደርቅ እንደ ቃጫ ከረረ፤ ጫፉ ተተበተበ፤ እላዩ ላይም ነጭ ነገር ቀረበት። «የሁለት ወር ደመወዜን ያወጣሁበት ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ለእህቴ ሰርግ መልሼ ላሰፋው አስቤ ነበር። ቅቤ ልቀባው ወይስ ልጣለው?» ትላለች።

አትጣይው፤ ቅቤም አትቀቢው። ፀጉር ቤት ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ 17 ዓመት ሆኖኛል፤ ሁለቱን ዓመት የሠራሁት እዚያው ድሬዳዋ ነው። ስለዚህ ጥያቄሽን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ፀጉርሽ ሳይሆን የሻይ ማንቆርቆሪያሽ ነው። ክዳኑን ከፍተሽ ውስጡን ተመልከቺው። ታችና ዳሩ ላይ የተጋገረ ነጭ ቅርፊት ታገኛለሽ። ከፀጉሩ ላይ ያየሽው ነጭ ነገር የዚያ ቅርፊት ዘመድ ነው።

የድሬዳዋ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ፣ በኖራ ድንጋይ መካከል አልፎ የሚመጣ ውሃ ነው። ከተማዋ ሲሚንቶ የምታመርተው ያለ ነገር አይደለም፤ ድንጋዩ በደጇ ነው። በዚህ ውሃ ውስጥ የሟሟው ካልሲየም ከደረቅ ሳሙና ጋር ሲገናኝ በውሃ የማይሟሟ፣ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይሠራል። ልብስ ስታጥቢ በሳፋው ዳር የሚቀረው ግራጫ ቀለበት እርሱ ነው። ልብስ ላይ ሲሆን ብዙም አይታወቅም። ፀጉር ላይ ሲሆን ግን እያንዳንዱን ዘለላ ለብሶት ይደርቃል፤ በተጨማሪ ውሃ ባለቀለቅሽው ቁጥር ሌላ ካልሲየም ትጨምሪበታለሽ እንጂ አይለቅም። አዲስ አበባ ውስጥም የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ ሰፈሮች ያሉ ደንበኞቼ ተመሳሳይ ነገር ይነግሩኛል፤ መጠኑ ይለያያል እንጂ ችግሩ አንድ ነው። ስለዚህ ፀጉርሽ አልሞተም። መጀመሪያውኑም የሞተ ነበር፤ የምትለብሺው ከሥሩ ተቆርጦ የተለየ ፀጉር ነው።

ይህ ቀልድ ይመስላል እንጂ የእንክብካቤው ሁሉ መነሻ ነው። በራስሽ ላይ የበቀለው ፀጉር ከቆዳሽ የሚወጣ ቅባት አለው፤ ጫፉ ቢጎዳ ከሥሩ አዲስ ይመጣል። የተሰፋው ግን የሚመግበው የለም፤ የጎደለውም አይተካም። ደንበኞቼ «ፀጉሩ እንዲድን ምን ልቀባው?» ሲሉኝ የምመልሰው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የሚድን ነገር የለውም፤ ያለውን ቀርፎ አለመጣል ብቻ ነው ያለሽ ምርጫ።

የሚቀረፈው ምን እንደሆነ ልንገርሽ። የፀጉር ዘለላ ላዩ ለስላሳ ይምሰል እንጂ እንደ ሳር ክዳን ነው። ጥቃቅን ቅርፊቶች ከሥሩ ወደ ጫፉ ተደራርበው ተኝተዋል። ክዳኑን በተኛበት አቅጣጫ ብትዳብሺው እጅሽ ይንሸራተታል፤ ወደ ላይ ብትገፊው ይነሳል፤ ሰርዶውም ይበታተናል። ደረቅ ሳሙና ባሕርዩ አልካላይ ስለሆነ ቅርፊቶቹን ያሳብጣቸዋል። ከዚያ ላይ እንደ ካልሲ ስታሺው የተነሱት ቅርፊቶች እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። ትብትቡ የመጣው ከዚህ ነው። ነጩን ነገር ውሃው አመጣው፤ ትብትቡን ግን፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ እጅሽ ነው ያመጣው።

እዚህ ላይ ስለ ፀጉሩ ምንጭ ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል፤ ማጠቡ የሚያዋጣና የማያዋጣ ፀጉር አለና። ገበያ ላይ ካለው ጥሩ ፀጉር ብዙው የሚነሳው ከሕንድ ነው። በአንድራ ፕራዴሽ ግዛት፣ በቲሩማላ ተራራ ላይ ባለው የቬንካቴስዋራ ቤተ መቅደስ ምዕመናን ለስዕለታቸው ፀጉራቸውን ተላጭተው ይሰጣሉ፤ ቤተ መቅደሱም በጨረታ ይሸጠዋል። እንዲህ ያለው ፀጉር ሥሩ በአንድ በኩል፣ ጫፉ በሌላ በኩል እንደሆነ ከታሰረ ቅርፊቶቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛሉ፤ ነጋዴዎች «ሬሚ» የሚሉት እርሱን ነው። ከማበጠሪያና ከወለል የተለቀመ ፀጉር ግን ሥርና ጫፉ ይደባለቃል። ይህ ፀጉር እንዳይተበተብ ፋብሪካው ቅርፊቱን በአሲድ አጥቦ ይገፍፈውና በሲሊኮን ይቀባዋል። ሱቅ ውስጥ ስትዳብሺው ከሬሚው ይልቅ ሐር የሚመስለው እንዲያውም ይኸኛው ነው። ሲሊኮኑ በሦስት በአራት እጥበት ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ባዶው ይወጣል። ፓኬቱ ላይ «ብራዚል» ወይም «ፔሩ» መባሉ ብዙ አይነግርሽም፤ በአብዛኛው የአሠራርና የመልክ መጠሪያ ነው። ብዙው የሚዘጋጀው በቻይና ሔናን ግዛት፣ ሹቻንግ በምትባል ከተማ ባሉ ፋብሪካዎች ነው።

ያንቺን ለመለየት ካልተተበተበው ቦታ አንድ ዘለላ ውሰጂ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣትሽ ይዘሽ ከሥር ወደ ጫፍ ጎትቺው፤ ከዚያም ከጫፍ ወደ ሥር። ወደ ታች ሲንሸራተት፣ ወደ ላይ ሲሻክር ከተሰማሽ ቅርፊቱ አለ፤ ጥሩ ነው። በሁለቱም በኩል እንደ ናይለን ክር አንድ ዓይነት ከሆነ ቅርፊቱ ተገፍፏል፤ እጥበቱ ለአንድ ሰርግ ያደርስሽ ይሆናል እንጂ ከዚያ ወዲያ አልምልልሽም። ደግሞም ሁለት ሦስት ዘለላ በሳህን ላይ በክብሪት ለኩሺ። የሰው ፀጉር እንደተቃጠለ ላባ ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነኩት ይፈርሳል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ግን ይቀልጥና ጠጣር ዶቃ ይሆናል። ከሁለቱም የተደባለቀም ይሸጣልና ከአንድ ቦታ ብቻ አትውሰጂ።

አሁን ወደ ሥራው። የሚያስፈልግሽ ለብ ያለ ውሃ፣ ሻምፑ፣ ወፍራም ኮንዲሽነር፣ አቼቶ፣ ጥርሱ ሰፋፊ የሆነ ማበጠሪያ፣ ለስላሳ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ንጹሕ ፎጣ ነው። ውሃውን ከዋዜማው አዘጋጂው፤ አሥር ደቂቃ ያህል አፍዪውና ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ ከታች የዘቀጠውን ሳትነኪ ከላይ ከላይ ቅጂ። ሲፈላ ከካልሲየሙ አንዱ ክፍል በድስቱ ላይ ስለሚቀር የምትቀጂው ውሃ ከቧንቧው የለዘበ ነው። ለሁሉም እጥበት ይህን ማድረግ ካታከተሽ ቢያንስ የመጨረሻውን ማለቅለቂያ በእርሱ አድርጊው።

ውሃ ከማስነካትሽ በፊት በደረቁ ክሩን ልቀሚ። ፀጉር ቤት ውስጥ ሲፈታ ቁርጥራጭ ክር ሁልጊዜ ይቀራል፤ ሲታጠብ የትብትቡ እምብርት የሚሆነውም እርሱ ነው። ክሩን እንጂ ፀጉሩ የተያያዘበትን የተሰፋ ጠርዝ እንዳትቆርጪ ተጠንቀቂ፤ ያ ጠርዝ አንዴ ከተቆረጠ መርገፉን አያቆምም። ከዚያም እያንዳንዱን ጥቅል ለብቻው ጠርዙን አጥፈሽ በላላ ጎማ እሰሪው። ሦስቱንም ባንድ ሳፋ አትንከሪ። ሦስት ጥቅል ወደ 300 ግራም ፀጉር ነው፤ ውሃ ውስጥ ከተቀላቀለ ግማሽ ቀን ይፈጅብሻል።

አንቺ ጋ ያለው ጉዳይ የሳሙና ዝቃጭ ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ከተለመደው ይለያል፤ አቼቶው ከሻምፑ ይቀድማል። በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ሦስት የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምሪ፤ ጥቅሉን ዘርግተሽ አስር ደቂቃ አጥልቂው። አቼቶው ዝቃጩን ይበትነዋል፤ ካልሲየሙ ወደ ውሃው ይሄዳል፤ የሳሙናው ቅባት ግን ፀጉሩ ላይ ይቀራል። ብዙ ሰው እዚህ ያቆምና «አቼቶ ሞክሬ ጭራሽ ጨማለቀብኝ» ይላል። የጨማለቀው ይኸው ቅባት ነው፤ የሚያነሳው ደግሞ ሻምፑ ነው። ሻምፑ እንደ ደረቅ ሳሙና ከካልሲየም ጋር አይዘቅጥም። ሎሚም ይሠራል፤ ግን ፍሬውንና ጭማቂውን በደንብ አጥልለሽ፣ ፀሐይም ሳታስነኪው፤ ሎሚና ፀሐይ አብረው ቀለም ያነጣሉ።

ሻምፑውን ፀጉሩ ላይ አታፍስሺ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ በሁለት ሊትር ውሃ በጥብጪና ጥቅሉን ከጠርዙ ይዘሽ አጥልቂው። አንድ እጅሽ ጠርዙን እንደያዘ የሌላኛው መዳፍ ከላይ ወደ ታች ይውረድ፤ ዝም ብሎ ይውረድ፣ አይመለስ። ወደ ላይ የሚመለስ እጅ በዚህ ሥራ ውስጥ የለም። ቆሻሻው በእውነት ያለው ርዝመቱ ላይ ሳይሆን ጠርዙ ላይ ነው፤ ለሁለት ወር ተኩል ላብሽ፣ ጄሉና የራስ ቅባቱ የተጠራቀመው እዚያ ነው። እርሱን በጥርስ ብሩሹ በስፌቱ አቅጣጫ ቀስ አድርገሽ አጽጂ። የሚሸትሽ ነገር ካለ ደግሞ የሚሸተው ከዚያ ነውና ሽቶ ከመፈለግሽ በፊት ወደ እርሱ ተመለሺ። በንጹሕ ውሃ አለቅልቂ፤ ውሃው ጥርት እስኪል።

ከዚያ ኮንዲሽነር። እዚህ ላይ አትሰስቺ። የተጎዳ ፀጉር በኤሌክትሪክ ባሕርዩ አሉታዊ ነው፤ የኮንዲሽነሩ ለስላሳ ንጥረ ነገር አዎንታዊ ስለሆነ በብዛት የሚጣበቀው የተጎዳው ቦታ ላይ ነው። ጥሩ ነገሩ ይህ ነው፤ የት እንደሚያስፈልግ አንቺ ልትነግሪው አይገባም። ከጠርዙ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብለሽ ጀምሪና እስከ ጫፉ ቀቢው፤ ጠርዙ ላይ ከቀረ ነገ ተሰፍቶ ራስሽ ቆዳ ላይ ያሳክካል። ሃያ ደቂቃ በላስቲክ ሸፍኚው።

ትብትቡን የምትፈቺው በዚህ ሰዓት ነው፤ ኮንዲሽነሩ እንዳለበት። በደረቁ አይሞከርም፤ በርጥቡ ያለ ኮንዲሽነርም አይሞከርም፤ ርጥብ ፀጉር እንደ ጎማ ይለጠጥና ሳታስቢው ይበጠሳል። በጣትሽ ጀምሪ። ቋጠሮውን ለሁለት፣ ከዚያም ለአራት ክፈይው። ማበጠሪያው የሚገባው ጣትሽ ካለፈ በኋላ ነው፤ እርሱም ከጫፉ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ይጀምር፤ ያ ሲያልፍ ትንሽ ከፍ፤ እንዲህ እያለ ወደ ጠርዙ። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች የሚያበጥር ሰው ቋጠሮዎቹን ሁሉ ሰብስቦ አንድ ትልቅ ቋጠሮ ያደርጋቸዋል። አንድ ጥቅል አንድ ሰዓት ቢወስድብሽ አይግረምሽ። ያልተፈታ ትንሽ ኳስ ከቀረ ጫፉን በመቀስ ቁረጪው፤ ሦስት ሴንቲሜትር ማጠር የጥቅሉን ግማሽ ከመንቀል ይሻላል።

የልብስ ማለስለሻ የሚነክሩም አሉ፤ ሲለሰልስ አይቻለሁ፤ የሚሠራውም እንደ ኮንዲሽነሩ ባለ ንጥረ ነገር ነው። እኔ ግን ራስ ላይ ተሰፍቶ ለሚቆይ ፀጉር አልጠቀመውም። ሽቶውና ትራፊው ቆዳ ላይ ለወራት ሊቀመጥ ነው፤ ማሳከክ ሲጀምርም ፈትቶ ማጠብ አይቻልም።

ስለ ቅቤው ደግሞ። እናቶቻችን ለጋ ቅቤ መሐል አናታችን ላይ ሲያደርጉ ምን እንደሚሠሩ ያውቁ ነበር፤ እኔም ለራሴ ፀጉር ዛሬም አደርገዋለሁ። ግን ያ ቅቤ የሚቀልጠው በሰውነት ሙቀት፣ የሚታጠበውም በማግሥቱ ወይም በሳልስቱ ነው። የተፈታ ፀጉር ላይ ግን በተለይ ከጠርዙ ስፌት ውስጥ ገብቶ አይወጣም፤ ይሸታል፤ በድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ትራስሽንም ሸማሽንም ይዞ ይሄዳል። ከደረቀ በኋላ ጥቂት ጠብታ የአርጋን ወይም የኮኮናት ዘይት በመዳፍሽ አሽተሽ ጫፉን ማስነካት ይበቃዋል።

ማድረቅ ላይ የማየው ስሕተት ችኮላ ነው። አትጠምዝዢው። በፎጣ መካከል ዘርግተሽ ጫን ጫን አድርጊው፤ ከዚያም ጠርዙን በልብስ መስቀያ ላይ በመቆንጠጫ ይዘሽ ጥላና ነፋስ ባለበት ስቀዪው። ያንቺ ከተማ ፀሐይ ለቃሪያና ለበርበሬ እንጂ ለዚህ አይሆንም። ርዝመቱ ማታውኑ ይደርቃል፤ ጠርዙ ግን ድርብ ስፌት ስለሆነ ውስጡ ውሃ ይይዛል። በማግሥቱ ሶፍት አጥፈሽ ጠርዙን ጫን በዪበት፤ ሶፍቱ ከረጠበ ገና ነው። እርጥብ እንዳለ ወደ ፌስታል የገባ ጠርዝ ይሻግታል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያወጣው የሻጋታ ሽታ በምንም አይለቅም። ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት ፀጉር በዚህ ምክንያት ብቻ ቆሻሻ ውስጥ ሲገባ በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ በትብትብ ከተጣለው ይበልጣል።

ሙቀት ለመጠቀም ከፈለግሽ ፍጹም የደረቀ ፀጉር ላይ ብቻ፣ ፒያስትራውም ከ180 ዲግሪ ሳያልፍ። በርጥብ ፀጉር ላይ የጋለ ብረት ሲያርፍ በዘለላው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ይለወጥና ከውስጥ ይፈነዳል፤ ያ የሚሰማሽ «ጭስ» የሚል ድምፅ የእርሱ ነው። በሥራዬ ሁለተኛ ዓመት ላይ አንዲት ደንበኛ «ሙሉ በሙሉ የሰው ፀጉር ነው» ያለችኝን አምኜ፣ የክብሪቱን ፈተና ሳላደርግ ብረቱን አሳረፍኩበት። ግማሹ ሰው ሠራሽ ነበር። ብረቱ ላይ ተጣብቆ አንድ እጅ የሚሞላ ፀጉር ይዞ ወጣ፤ የከፈልኩትም ከኪሴ ነው። እስከ ዛሬ ማንንም አላምንም፤ አቅርቤ እለኩሳለሁ።

ለሰርጉ ፀጉሩን ከርል ማድረግ ከፈለግሽ ግን ብረቱ አያስፈልግሽም። ትንሽ እርጥበት ሲቀረው በቢጎዲን ጠቅልለሽ አሳድሪው።

ደርቆ ሲያበቃ እያንዳንዱን ጥቅል ላላ ባለ አንድ ጉንጉን ጎንጉነሽ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ወይም በወረቀት ጠቅልዪና ሳጥን ውስጥ አስቀምጪው። ፀጉርም እንደ ሱፍ ፕሮቲን ነውና ብል ይወደዋል፤ በወር አንድ ጊዜ ገልጠሽ አናፍሺው። ለእህትሽም ለጓደኛሽም አታውሺው። ቆረቆር ከራስ ወደ ራስ የሚሻገርበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

አሁን ስላልጠየቅሽኝ ነገር። በገና ዋዜማ ተሰፍቶ በሁዳዴ እኩሌታ ከተፈታ ወደ አሥራ አንድ ሳምንት ቆይቷል፤ እኔ ከስምንት አላሳልፍም። ሲፈታ ከራስሽ ፀጉር ብዙ ወጥቶ ደንግጠሽ ከሆነ አትደንግጪ። ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ ይረግፍበታል፤ በሹሩባው ተይዞ የቆየው የአሥራ አንድ ሳምንቱ ተደምሮ ከ3,800 እስከ 7,700 ዘለላ ይሆናል። አንድ ላይ ሲታይ ያስፈራል እንጂ የረገፈው በየቀኑ ነው። ሊያሳስብሽ የሚገባው ሌላ ነው፦ በግንባርሽና በጆሮሽ ዙሪያ ያለው ፀጉር ሳስቶ፣ ቆዳው እያበራ ከሆነ፣ ወይም ሥሩ ላይ ትንንሽ ብጉር ካየሽ። ያ የመጎተት ጉዳት ነው። በጊዜ ካረፈ ይመለሳል፤ በላዩ ላይ ደጋግመው ከሰፉበት ግን ሥሩ ጠፍቶ የማይመለስበት ደረጃ ይደርሳል። እንደዚያ ከሆነ ሰርጉ ቢቀርም ወደ ቆዳ ሐኪም ሂጂ።

እንዲህ ያለ ምልክት ከሌለሽ ግን እስከ ፋሲካ ያሉትን ሳምንታት ለራስሽ ፀጉር ስጪው። የእናትሽን ቅቤ አሁን ለእርሱ አድርጊለት። ከሰርጉ ሁለት ቀን በፊት ራስሽን በደንብ ታጠቢና፣ የራስሽ ፀጉር ሥሩ ድረስ ደርቆ ወደ ሰፊዋ ሂጂ። ታች የሚጎነጎነውን ሹሩባ ግንባርሽ ጋ እንዳታጠብቀው ንገሪያት፤ ዓይንሽ ወደ ላይ ከተሳበ ጠብቋል፤ አፈርሺም አላፈርሺም እዚያው ወንበሩ ላይ እያለሽ አስፈቺው። ከሦስቱ ጥቅሎች ውስጥ በጣም የተተበተበብሽን ከታች፣ ከማጅራትሽ በኩል ታስፋው፤ ደህናውን ከላይ። ከሰርጉ በኋላ በስድስተኛው ሳምንት እንድትፈታውም ቀኑን አሁኑኑ ያዢ።